ሰመራን የማያውቅ ደብተር

ገንዘብ ያለው ሰውና በኪሱ ገንዘብ ያለው ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ አስተምሮኛል። በ2005 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ለስምንት ወር ተዋውሎኝ ነበርና፣ መጀመሪያ አዋሽ፣ ቀጥሎም የክልሉ መቀመጫ ከአይሳኢታ ወደተዛወረላት ወደ ሰመራ ሄጄ ተቀመጥሁ። ደመወዜ በየወሩ አዲስ አበባ፣ በአንድ የግል ባንክ ደብተሬ ውስጥ ይገባል። ያ ባንክ ያን ጊዜ በሁለቱም ከተሞች ቅርንጫፍ አልነበረውም። ለእኔ የሚቀርበኝ የአዳማው ነው። ከአዋሽ አዳማ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሰመራ ከሆነ ግን አዋሽ ለመድረስ ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። ሁለት ሺህ ብር ለማውጣት የመኪና፣ የአልጋና የምግብ ከፍሎ መመለስ ምን ትርጉም እንዳለው አንባቢ ያስላው።

ባንኮቹን ለመውቀስ አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችን ከወረሰ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በሩ እንደገና ሲከፈት፣ ቀዳሚ ሆኖ የተቋቋመው የወንዙን ስም የያዘው አዋሽ ባንክ ነበር። (የእኔ ባንክ ሌላ ነው።) ከእሱ በኋላ የመጡትም ቢሆኑ በመጀመሪያ የተከማቹት ተቀማጭ ገንዘብ ባለበት፣ አዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ሐረርና ድሬዳዋ ቅርንጫፍ የከፈተው ንግዱን ተከትሎ ነው። በረሃ ላይ ቅርንጫፍ መክፈት ካዝና፣ ጥበቃ፣ ጄኔሬተር፣ ብር የሚያመላልስ መኪና ይጠይቃል። በሌላ በኩል የአፋር አርብቶ አደር ሀብቱ በእግሩ የሚሄድ ነው። ግመሉን ቢያስቀምጥለት ወለድ የሚከፍለው ባንክ የለም፤ ቢኖርም ወለዱን በሃይማኖቱ ምክንያት አይነካውም። ከወለድ ነፃ ሆኖ የተመሠረተው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው እንኳ በ2013 ዓ.ም. ነው።

የሚገርመኝ ግን የድሮው ነገር ነው። የደጋው ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት የተገበያየበት አሞሌ ጨው ከዚሁ ከአፋር ምድር፣ በስተሰሜን ካለው የዳሎል ሜዳ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ የወጣ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ አሞሌ ከመቆረጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ ጽፏል። የእኔ ብር ግን ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር እየቀጠነ ይመጣ ነበር።

ታዲያ እንዴት ኖርህ ትሉኝ ይሆናል። መጀመሪያ ለእህቴ ውክልና ሰጠኋት። እሷ ከእኔ ባንክ ታወጣና ሰመራ ቅርንጫፍ ባለው በሌላ ባንክ በስሜ ታስገባልኛለች። መስመር ሲኖር ሸጋ ዘዴ ነው። መስመር ሲቋረጥ ግን፣ በዚያ ሙቀት ሦስት ቀን ተመላልሶ «ዛሬም የለም» መባል አለ። እህቴም ብትሆን ሠራተኛ ናት፤ በየሳምንቱ እየተፈቀደላት አትወጣም።

የሚሻለውን ያሳየኝ ሎጊያ ላይ ሱቅ ያለው የወሎ ሰው ነው። ሎጊያ ከሰመራ አጠገብ ያለች፣ የጅቡቲ ከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባት፣ ሌሊቱን የማትተኛ ከተማ ናት። ባለሱቁ ሸቀጡን የሚያመጣው ከመርካቶ ነው፤ ዕዳውን ለመክፈል ብር በጆንያ ሥር ደብቆ በሾፌር እጅ መላክ ነበረበት። እኔ ብሬ አዲስ አበባ ነው፣ የምፈልገው እዚህ፤ የእሱ ብር እዚህ ነው፣ የሚፈልገው አዲስ አበባ። ስለዚህ እህቴ ከደመወዜ አውጥታ መርካቶ ላለው ጅምላ ሻጭ ታስረክባለች። ጅምላ ሻጩ ስልክ ይደውላል። ባለሱቁ «ደርሷል» ይልና ከመሳቢያው ቆጥሮ ይሰጠኛል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። አንዲት ሳንቲም አልቆረጠብኝም፤ የመንገዱን ሥጋት ስላቃለልሁለት ትርፉ እሱ ጋ ነበር። ሁለታችንም ያልወጣንበት መንገድ ላይ ገንዘባችን ሳይነቃነቅ ተለዋወጠ። ባንክ ማለት በመሠረቱ ይኸው መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ የግንቦት ሌሊት የጎረቤቴ የአራት ዓመት ሴት ልጅ ትኩሳቷ ጨምሮ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አባትየው ሾፌር ነው፣ ጅቡቲ ወርዷል። ዱብቲ ሆስፒታል ለመውሰድ መኪና ኮንትራት መያዝ ያስፈልጋል፤ ሾፌሩ ደግሞ ቅድሚያ ካልተከፈለው አይነሳም። በደብተሬ ከአራት ሺህ ብር በላይ አለ፤ በኪሴ 17 ብር። ሎጊያ ሄጄ የባለሱቁን በር ደበደብሁ። ሰውዬው በሽርጥ ወጥቶ ከእኔ ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልጠየቀም፤ «ልጅቷ ትተነፍሳለች?» አለኝ። ስድስት መቶ ብር ሰጠኝና «አብሽር፣ ቶሎ በል!» ብሎ ገፋኝ። ልጅቷ ወባ ነበረባት፤ በአምስተኛው ቀን ድና ተመለሰች። ሂሳቡን ልዘጋ ስሄድ በዱቤ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን አየሁ፦ «ጋዜጠኛው፣ ለልጅቱ፣ 600።»

ይህን ስጽፍ «ድሮ መተማመን ነበር» ለማለት እንዳይመስል እፈራለሁ። ያ ደብተር ስም ላለው ሰው ብቻ ነው የሚከፈተው። እኔ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበርሁ፤ ቤቴ ይታወቃል። አዋሽ በነበርሁበት ጊዜ አንድ የተሳቢ ረዳት ታሞ ከመኪናው ወርዶ ቀርቶ ነበር። ደመወዙ ሩቅ አገር በደብተር ተቀምጦለታል፤ አዋሽ ውስጥ ግን የሚያውቀው ሰው የለም። ለሦስት ቀን ምግብና አልጋ ሲል ስልኩን በግማሽ ዋጋ ሸጠ። ገዢውም «ጠቀምሁት» እያለ ያወራ ነበር፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። ቅርንጫፍ የሌለው ባንክ ጉዳቱ እንደ እኔ ዓይነቱ ላይ ሳይሆን እንደዚያ ልጅ ዓይነቱ ላይ ነው። መተማመን ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለእንግዳ ብድር አይሰጥም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የባንኮች የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች በ2008 ዓ.ም. በኢትስዊች በኩል እርስ በርስ ተገናኙ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. መጣ። ሰመራና ሎጊያ ውስጥም የባንክ ታፔላ በዝቷል። ያ ረዳት ዛሬ ቢሆን ስልኩን ባልሸጠ ነበር፤ ስልኩ ራሱ ደብተር ሆኖለታልና። ይሁንና ስልክ ላይ ያለ ብር ሻይ ቤት ሲደርስ ወረቀት መሆን አለበት፤ ወረቀቱ ደግሞ አሁንም በመኪና ነው የሚመጣው።

ባለፈው ዓመት በሎጊያ ሳልፍ አንድ ሺህ ብር ለማውጣት ወደ አንድ ወኪል ሱቅ ገባሁ። ልጁ ስልኬን አይቶ፣ መሳቢያውን ከፍቶ፣ ያሉትን ኖቶች ቆጠረ። ሾፌሮች ጠዋት ጠራርገው ወስደውበታል። «ሦስት መቶ ልስጥህ፤ የቀረውን ሚሌ ስትደርስ ሞክር» አለኝ።