የአጎቴ ካምቢዮና የእኔ አንድ ሊትር ዘይት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመኪናም እንደሚሠራ የገባኝ ባለፈው ክረምት ሽንዲ ላይ ነው። ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን፣ ይህን የምጽፍላችሁ መኪና አስተካከልኩ ብዬ ለመኩራራት አይደለም። ያበላሸኋትም እኔው ነበርኩና።

አጎቴ የሽንዲ ሰው ነው። እንደ ብዙው የወምበርማ ገበሬ ኑሮውን ያቆመው በበርበሬና በበቆሎ ነው። ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ ከአዲስ አበባ አንዲት ያገለገለች አውቶማቲክ ኮሮላ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ናት። ዓባይ በረሃን ወርዳና ወጥታ፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አልፋ፣ ቡሬ ላይ ወደ ሽንዲ ታጥፋ ስትደርስ ዘመድ ሁሉ ወጥቶ ነው የተቀበላት። ታዲያ ፍሪሲዮን የሌላት መሆኗ ለሰፈሩ ሰው ትንግርት ነበር።

ለፋሲካ ዕረፍት ስሄድ አጎቴ «በል እስኪ፣ የተማርከውን አሳየን» አለኝ። እኔም በኩራት ኮፋኖውን ከፈትኩ። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ ሳወጣው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በታች ነው። «ጎድሏል» አልኩና ቤት የነበረውን ወፍራም የሞተር ዘይት አንድ ሊትር ያህል አንቆረቆርኩበት። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንደኛ፣ የላይኛው ምልክት የሚነበበው ዘይቱ ሲሞቅ ነው፤ ሞተሩ ግን ከተነሳ ገና ሁለት ደቂቃ አልሞላውም። ቀዝቃዛ ዘይት ዝቅ ብሎ መታየቱ ያለ ነው። ሁለተኛ፣ የሞተር ዘይት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይደለም።

ሐምሌ ላይ አጎቴ ደወለልኝ። «ይቺ መኪና ልትጨርሰን ነው! ጠዋት ማርሽ አስገብቼ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ከዚያ ድንገት ዘልላ ትነሳለች። ከአንድ ወደ ሁለት ስትለውጥማ አንገታችንን ልትሰብረው ነው» አለ። ሽንዲ ስደርስ አንድ መካኒክ አይቷት «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ያገለገለ ፈልጋችሁ ቀይሩ» ብሏል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌርም በገመድ ጎትቶ ቡሬ ሊያደርስለት ተስማምቷል። ለካምቢዮው መግዣ ደግሞ አንደኛው በሬ ሊሸጥ ነው። በሬ መሸጥ ማለት ለአጎቴ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

መካኒኩ እኔ ባለሁበት አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ከመበላሸቷ በፊት የነካት ሰው አለ? ዘይት የጨመረ፣ የፈታ?» አጎቴ እኔን አየት አደረገኝና «ማንም አልነካትም» አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ክፍል ውስጥ የተማርነው አንድ በአንድ ይመጣብኝ ጀመር። በማንዋል ካምቢዮ ውስጥ የዘይት ሥራ ማለስለስ ነው፤ ማርሹን የሚለውጠው የሹፌሩ እጅና እግር ነው። በአውቶማቲኩ ግን ዘይቱ ራሱ እጅም እግርም ነው። የሞተሩን ጉልበት በቶርክ ኮንቨርተር በኩል የሚያስተላልፈው እሱ፣ በፓምፕ ግፊት ቫልቮቹን አልፎ የፍሪሲዮን ሳህኖቹን የሚጨብጠው እሱ፣ ሙቀቱንም ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። የሞተር ዘይት ሲገባበት ሳህኖቹ ሲያያዙ ሊኖር የሚገባው ሰበቃ ይዛባል። ወፍራም ስለሆነም በጠዋት ብርድ ቶሎ አይፈስም፤ ማርሹ የሚዘገየው ለዚህ ነው። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመቱትና አረፋ ይሆናል። አረፋ ውስጥ አየር አለ፣ አየር ሲጫኑት ይታመቃል፣ ግፊቱም ይዋዥቃል። አጎቴ በስልክ የነገረኝ ምልክት ሁሉ የእኔን ሊትር ዘይት ይጠራ ነበር።

ሲነጋ አጎቴ በሬዎቹን ሲያወጣ አገኘሁት። «ጋሼ፣ መኪናዋን የነካኋት እኔ ነኝ። የፋሲካ ለት የጨመርኩት ዘይት የእሷ አይደለም» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «አውቄያለሁ» አለኝ። «ስትጨምር አጠገብህ አልነበርኩም እንዴ? ግን ተማሪውን ልጅ በሰው ፊት ላዋርደው?» አፈርኩ። አስቡት፤ እኔ ለክብሬ ስል፣ እሱም ለእኔ ክብር ሲል፣ አንድ በሬ ልንሸጥ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግነው ጉተታውን ማስቀረት ነው። የካምቢዮው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ እየዞሩ ረጅም መንገድ ብትጎተት ዘይት የማያገኙት ክፍሎች እየተፋጩ ደህናውም ካምቢዮ ይቃጠላል። አውቶማቲክ ገፍቶ ማስነሳት የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነቷን መኪና መውሰድ የግድ ከሆነ የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት መነሳት አለባቸው።

ቀጥሎ መካኒኩን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀና «ይሄን ትናንት ብትነግረኝ ኖሮ!» አለ። ከዚያ አብረን ከርካሹ ወደ ውዱ ሄድን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት በጉዞ ላይ ብልጭ ድርግም አይልም። ኮፋኖው ሥር ካለው የምርመራ ሶኬት ቲኢ-1 እና ኢ-1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኝተን ቁልፉን ስንከፍት መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ አለ፤ የተመዘገበ ብልሽት የለም ማለት ነው። 62 ወይም 63 ቢቆጥርልን ኖሮ ሶሌኖይዶቹን እንጠረጥር ነበር።

ከዚያ መኪናዋን ነድተን አሞቅናት። ሜዳ ላይ አቁመን፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ይዘን ማርሹን ከ«ፒ» እስከ «ኤል» አዳርሰን ወደ «ፒ» መለስን። ዘንጉን ጠርገን ስናወጣው ዘይቱ ከሙቅ ምልክቱ በላይ ነው፤ አረፋም አለበት። ቀይ መሆን የነበረበት ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ የተቃጠለ ሽታ ግን የለውም። ወተት የመሰለ ቢሆን ኖሮ ከራዲያተሩ ውሃ ገብቷል እንል ነበር። የታችኛውን የዘይት ገንዳ ስንፈታ ማግኔቱ ላይ ያገኘነው እንደ አመድ የላመ ግራጫ ዱቄት ነው። ይህ የዕድሜ ነገር ነው። የብረት ስብርባሪ ቢሆን ኖሮ የመካኒኩ የመጀመሪያ ፍርድ ልክ ይሆን ነበር። አንደኛው የሞተር ሱፖርት ጎማው ተሰንጥቆም አገኘነው፤ ማርሽ ሲገባ ከሚሰማው ድብደባ ከፊሉ የእሱ ነበር።

ቡሬ ሄጄ መመሪያ መጽሐፉ የሚያዘውን ዘይት በስሙ ጠይቄ ገዛሁ። ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዴክስሮን ሌላ፣ ታይፕ ቲ-4 ሌላ ነው። ከታች ሲፈታ የሚወጣው ከ7 ሊትር ተኩል ገደማ ውስጥ ወደ 3 ሊትር ብቻ ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥና በየቱቦው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቀይሮ መተው አይበቃም። ከመጀመሪያው ቅያሪ በኋላ ከተሳሳተው ዘይት ከ100 እጅ 60ው ይቀራል፣ ከሁለተኛው በኋላ 36ቱ፣ ከሦስተኛው በኋላ 22ቱ ገደማ። እኛም በየመሃሉ ጥቂት ቀን እየነዳን ሦስት ጊዜ ቀየርን፤ ማጣሪያውንም አጠብን።

ውጤቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ከሁለተኛው ቅያሪ በኋላ ከአንድ ወደ ሁለት ያለው ዝላይ ጠፋ። ሱፖርቱ ሲለወጥ ድብደባው ቀረ። ጠዋት ጠዋት ግን እስከ ዛሬ ትንሽ ትዘገያለች። ሳህኖቹ በእነዚያ ሦስት ወራት ምን ያህል እንደተበሉ የሚታወቀው ካምቢዮው ሲፈታ ነው። አጎቴ ለዘይቱና ለሱፖርቱ ጥቂት ኪሎ በርበሬ ሸጠ። በሬው ግን አልተሸጠም፤ ዘንድሮም አርሷል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አሮጌ አውቶማቲክ «ማርሽ ስትለውጥ ትዘላለች» ተብሎ ሲመጣላችሁ ካምቢዮ ለማውረድ አትቸኩሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። የዘይቱን መጠን፣ ቀለሙን፣ ሽታውንና ዓይነቱን እዩ። መብራቱን አንብቡ። የሞተሩ ዙር ቆሞ ሳለ ከፍ ያለ እንደሆነ፣ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው የነዳጅ ኬብል ላልቶ ወይም ከርሮ እንደሆነ፣ ሱፖርቶቹ ደህና እንደሆኑ ፈትሹ። ከሁሉ በፊት ግን «ምን ተነካ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁም ባለቤቱ ሳያፍር እንዲመልስ አድርጋችሁ ጠይቁ። የነካችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ሳይጠይቋችሁ ተናገሩ።

በዚህ የትምህርት ዓመት ወርክሾፕ ስገባ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ። የነካሁትን ሁሉ፣ የጨመርኩትን ዘይት ዓይነትና መጠን ሳይቀር፣ ከነቀኑ በደብተር እጽፋለሁ። አጎቴም ለኮሮላዋ አንድ ደብተር ገዝቶ ኪሷ ውስጥ አስቀምጧል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእሱ እጅ ጽሕፈት የሰፈረው የእኔ የፋሲካ ሊትር ነው።

ቸር ይግጠመን!