ፊልትሮው ላይ የጻፍነው ቀን

እኛ ማለት ሁለት እህትማማቾችና አንዲት ቪትዝ ነን። ቪትዟ በእማዬ ዕቁብ ተገዛች፤ ዕቁቡ ገና ተከፍሎ አላለቀም። የምንከፍለው የሰፈር ተማሪዎችን ጠዋት ወስደን ማታ በመመለስ ስለሆነ፣ ሞተሯ ያሳለ ቀን የእኛንም ደረት ይወጋናል።

ዘይት የምናስቀይረው ጋራዥ ነበር። ባለፈው ጊዜ ጠርጥረን ፊልትሮው ላይ በማርከር ቀን ጽፈን ወሰድናት። «ዘይትም ፊልትሮም ተቀይሯል» ተብለን ከፈልን። ቤት ገብተን ጎንበስ ብንል የገዛ ጽሑፋችን ቁልጭ ብሎ ጠበቀን። ተመልሰን ለመጨቃጨቅ ወኔው አልነበረንም (እዚያ ግቢ ሴት ስለ ፊልትሮ ስትናገር የሚስቅ አይጠፋም)። በቃ፣ ራሳችን እንቀይራለን አልን።

ከሶማሌ ተራ ፊልትሮ፣ ሮንዴላና አራት ሊትር ዘይት ገዛን። ሞተሩን ትንሽ አስነስተን አጠፋን፤ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፣ የፈላው ግን እጅ ይልጣል። በክሪክ አነሳናት፤ ክሪክ አይታመንምና ብረት ማቆሚያ ተውሰን ከስር ደገፍን፣ የኋላ ጎማዎቹንም በድንጋይ ያዝን። የኮፓውን ቡሎን በ14 ቁልፍ ስንፈታው ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ውስጥ ተንዠቀዠቀ።

ፊልትሮው ግን እምቢ አለ! በጨርቅ ሞከርን፣ ተንሸራተተ። በብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለን፣ ተራ በተራ ታግለን፣ በመጨረሻ ለቀቀ። የአዲሱን ጎማ ዘይት ቀብተን በእጃችን አጠበቅነው፤ ቡሎኑን በአዲስ ሮንዴላ መለስን፤ ሦስት ሊትር ሞላንና ቁልፉን አዞርን።

እናንተዬ! ዘይቱ ከስር ተፈናጥሮ እማዬ በርበሬ የምታሰጣበት ሲሚንቶ ላይ ተደፋ። «አጥፊው! አጥፊው!» ዘይት ያጣ ሞተር ለመንከስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። አጠፋነውና ተያየን። ዕቁቡ፣ ተማሪዎቹ፣ እማዬ... ማናችንም ምንም አላልንም።

ፊልትሮውን መልሰን ስንፈታ ጉዱ ታየ። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ደርቆ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። እኛ አዲሱን በላዩ ላይ ነው ያሰርነው፤ ሁለት ጎማ ሲደራረብ ደግሞ የዘይቱን ግፊት አይችልም። ጋራዡ በጊዜው ቢፈታው ኖሮ እንዲህ አይጣበቅም ነበር እያልን ተሳደብን። ግን እውነቱን እንናገር፣ የአሮጌውን አፍ ገልብጦ ማየት የእኛ ሥራ ነበር።

ጎማውን በጥፍራችን ልጠን፣ የቀረውን ዘይት ጨምረን፣ በመለኪያው አይተን አስነሳናት። ጸጥ።

ጎረቤታችን አሮጌውን ዘይት ለአጥሩ እንጨት፣ ለምስጥ ጠየቁን። አጥሩ ስር የውሃ ጉድጓዳቸው አለና እየተሽኮረመምን እምቢ አልን። እስካሁን በጄሪካን ደረጃው ስር ተቀምጧል፤ የት እንደምናደርሰው ገና እየተከራከርን ነው።

ማታ ከመኪናዋ ስር ካርቶን አነጠፍን። ሌሊት ሁለት ጊዜ በሞባይል መብራት ወርደን አየነው። ጠዋት እማዬ ቀድማን ካርቶኑን አንስታ እያገላበጠች ነበር። ደረቅ ነው። በርበሬውን ግን ጎረቤት ሄዳ አሰጣች።