ወደ ሮሃ በአየር

የላስታን ተራራ በእግሩ ወይም በበቅሎ ያልወጣ ሰው የአየር መንገድ ለዚያ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ አጣርቶ ሊያውቅ አይችልም፤ እኔም በአይሮፕላን የሄድሁ ነኝና የምናገረው በመስኮት ካየሁትና ከአገሩ ሰዎች ከሰማሁት ተነሥቼ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ፥ ወደ ጥንቷ ሮሃ፥ በማለዳ ተነሥተን፥ የጀማን ሸለቆ፥ የወሎን አምባዎችና የበሽሎን ገደል ከላይ እየተመለከትን፥ በመኪና በደሴና በወልድያ ዞሮ ሁለት ቀን የሚፈጀውን ጎዳና በአንድ ሰዓት ገደማ ጨረስነው። ገደሉ ከላይ ሲታይ አንዱ አምባ ለሌላው ጎረቤት ይመስላል፤ በመካከላቸው ያለውን ቁልቁለትና ዳገት የሚያውቀው ግን የሚሄድበት እግር ብቻ ነው።

ከጎኔ የተቀመጡት እናት ዓይናቸውን ታክመው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ነበሩ፤ ትኬቱን የቆረጠላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው፥ በከንፈራቸው ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ቆይተው፥ አይሮፕላኑ ማዘቅዘቅ ሲጀምር ወደ እኔ ዘወር አሉና «ልጄ፥ ጋሸናን አለፍን እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን እማማ፥ ሊያሳርፉን ነው» ብላቸው፥ «አዬ! በመኪና ቢሆን ይህን ጊዜ ደብረ ብርሃንም አልደረስሁ» አሉና ድጋማቸውን ቀጠሉ። እኒህ እናት መንገዱን የሚያውቁት ስሙን በሚጠሩት ማደሪያና መገንጠያ ነውና፥ ማደሪያ የሌለው መንገድ ግራ ቢያጋባቸው አያስደንቅም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፥ የነበሩት አይሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፥ ዳግላስ የተባሉ ነበሩ። ዳግላስ ሣር በለበሰና ጠጠር በበዛበት ሜዳ የሚያርፍ ታጋሽ አይሮፕላን በመሆኑ፥ አስፋልት ያላየ አገር ሁሉ ደጁን ለሰማይ እንዲከፍት ምክንያት ሆነ። ባሕር ዳር፥ ጎንደር፥ ላሊበላና አክሱም «የታሪክ መስመር» ተብለው በአንድ ዙር የተያያዙትም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን የላሊበላው ሜዳ ክረምት ሲገባ ይጨቀያልና፥ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በረራው ይቋረጥ ነበር፤ በፈረንጅ 1520ዎቹ ወደዚህ የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን አልቫሬዝ ያየውን ቢጽፍ የሚያምነው እንዳይኖር የፈራላቸው ከዓለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፥ በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩ በኋላም ቢሆን፥ በሐምሌና በነሐሴ ከአየር ተነጥለው ይከርሙ ነበር።

አሁን የላሊበላ አየር ማረፊያ ባለበት በሹምሸሃ 2400 ሜትር የሚረዝም አስፋልት ተነጥፏል። ርዝመቱን ያየ ሰው ለትንሽ ከተማ ይህ ሁሉ ለምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ መልሱ በአየሩ ውስጥ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ይጠጋል፤ አየሩ ሲሳሳና ቀኑ ሲሞቅ አይሮፕላኑ ክንፉ የሚደገፍበት አየር ያንሰዋልና፥ ለመነሣት ረጅም ሩጫ ያሻዋል፤ ሜዳው ቢያጥር ደግሞ ጭነት መቀነስ፥ ማለትም መንገደኛ መተው፥ ግድ ይሆናል። ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን እዚህ የሚመላለሰው በዚህ አስፋልት ጸጋ ነው።

ከመውረጃው በር ውጭ ያየሁት ግን ከአስፋልቱ ይልቅ አነጋገረኝ። የሆቴል ሚኒባሶች ተሰልፈው፥ ወጣቶች የእንግዳ ስም የተጻፈበት ወረቀት ከፍ አድርገው ይዘው ነበር፤ ፈረንጆቹ በቅጽበት ተጫኑና አቧራው ቀረ። ከተማው ከሜዳው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ዳገት ነው። እናቲቱ በማረፊያው ጥላ ሥር ዘንቢላቸውን አቅፈው የሚመጣ የሕዝብ መኪና እንዳለ ጠየቁ፥ እንደሌለም ተነገራቸው። ኋላ አንዱ ሾፌር አዝኖ ከፊት አስቀመጣቸው እንጂ፥ ሰማዩን በአንድ ሰዓት የተሻገሩት እኒህ እናት ዳገቱን ለመውጣት የሰው ቸርነት መጠበቅ ነበረባቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። ይህ በረራ የተሠራው ጎብኚን አምጥቶ ለመመለስ ነው፤ ይህም ነውር አይደለም፥ የከተማው እንጀራ ከጎብኚ የሚገኝ ነውና። ጎብኚ ግን በሰላም ጊዜ የሚመጣ ወፍ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላስታ ሲደርስ ደግሞ በረራው ራሱ ቆመ፥ ማረፊያውም ተጎዳ። በገና ዕለት ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ለመስማት ከየአውራጃው የሚተመው ተሳላሚ ግን፥ ያኔም ሆነ አሁን፥ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ ይመጣል። እርሱን ስለ በረከቱ በእግር ተወው ብንል እንኳ፥ ምጥ የጠናባት እናት፥ ዓይኑ የታመመ ሽማግሌ፥ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ የሚሄዱት ለበረከት አይደለም። እኔ በበኩሌ ትንሽ የአየር ማረፊያ ሠምሯል የሚባለው የአገሩ ሰው በገዛ ገንዘቡ ትኬት ቆርጦ ሲሳፈር ነው እላለሁ።

ስለዚህ በረራ የሚመድቡትንና የመንገድ ማመላለሻን የሚያስተዳድሩትን የምለምነው ብዙ አይደለም። አይሮፕላኑ በሚያርፍበት ሰዓት ከሹምሸሃ እስከ ከተማው የሚመላለስ፥ ታሪፉ የታወቀ አንድ የሕዝብ አውቶቡስ ይቁም፤ የጎብኚው ወቅት ሲያልፍም በረራው ቢሳሳ እንኳ ጨርሶ አይታጠፍ፥ ለሕሙማንና ለተማሪዎች የሚሆን ጥቂት መቀመጫም በቅናሽ ዋጋ ይጠበቅ።