ፊደሉ ገባ፣ ቁልፉስ?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ጣጣ ቢሮ የሠራ ሰው አይረሳውም። ፎንቶቹ «ሀ»ን በላቲን ፊደል ቦታ ደብቀው ስለሚያስቀምጡ፣ አንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ይህን ፈታና ነገሩ ያለቀ መሰለን።

እንዳላለቀ ያየሁት ሰሞኑን እዚሁ ነፋስ ስልክ፣ ለቡ አካባቢ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ዘንድ ነው። ልጁ የጉራጊኛ የቁልፍ ሰሌዳ (ኪቦርድ) እየሠራ ነው። የጉራጌ ቋንቋዎች አዲስ አጻጻፍ የሚፈልጋቸውን 28 ፊደላት ዩኒኮድ የጨመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ ትናንት ማለት ይቻላል። አባቱ ወልቂጤ ናቸው፤ የሚጽፉት በአንድሮይድ ስልክ ነው። ልጁ ያለው ሊነክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ። እንግዲህ እዚህ ተሠርቶ እዚያ መሥራት አለበት።

የሚጠቀመው ኪማን የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነው። «ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህ ፊደል ይውጣ» የሚል ሕግ በተራ ጽሑፍ ይጻፋል፤ ኮምፓይለሩ ያንን ማሽን ወደሚያስኬደው ፋይል ይቀይረዋል። ለኮምፒውተር የሚወጣው ሌላ፣ ለስልክ የሚወጣው ሌላ። ኮዱ ክፍት ቢሆንም ኮምፓይለሩ ለረጅም ጊዜ የዊንዶውስ ነበር፤ ሊነክስ ያለው ሰው ዋይን በሚባል ፕሮግራም በኩል ዞሮ ነበር የሚያስኬደው። ኬኤምሲ የተባለው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊነክስም ላይ የሚሠራው ኮምፓይለር የመጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ከ17ኛው እትም ጋር ነው።

መጣ ማለት ግን ሠራ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ኖድ የሚባለው ማስኬጃ አረጀ ተባለ፤ አዲሱ በሞባይል ዳታ ወረደ። ቀጥሎ «ፋይሉ የለም» መጣ። ፋይሉ ዓይናችን ሥር ተቀምጧል! ስሙ በትልቅ የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ኮዱ ውስጥ የተጻፈው በትንሹ ነው። ዊንዶውስ ይህን ልዩነት ቸል ይላል፣ ሊነክስ አይልም። ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የማያውቅ ፊደል ለማስገባት በትልቅና ትንሽ ፊደል መታሰር፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ሦስተኛው አላሳቀንም። ኮምፓይለሩ አንዲት ስህተት ሳያሳይ ጨረሰ፤ ስልኩ ግን በጥቅሉ ውስጥ ለስልክ የሚሆን ሰሌዳ የለም አለ። ግማሽ ቀን ሄደ። ሰበቡ አንድ መስመር ነው፦ ሰሌዳው ለየትኛው መሣሪያ እንደሚሠራ የሚነግረው። ያ መስመር ከሌለ ኮምፓይለሩ ለዊንዶውስ ነው ብሎ ይወስዳል። መስመሩ ተጨመረ፣ የስልኩ ፋይልም ጥቅሉ ውስጥ ገባ፣ ሠራ።

ለቋንቋ ቴክኖሎጂ ገንዘብ የሚሰጥ ወይም ፕሮጀክት የሚገመግም ሰው ሁሉ አንድ ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፦ ይህን ሌላ ሰው፣ በሌላ ማሽን፣ ከባዶ ተነስቶ መልሶ ሊሠራው ይችላል? ካልቻለ ኮዱ ክፍት መሆኑ ለጌጥ ነው። ሠሪው ውጭ አገር ሄደ፣ ላፕቶፑ ተሰረቀ፣ ሰሌዳው በቃ እዚያው ቀረ። ኢንተርኔቱም አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። የዛሬ ኮምፓይለር ደግሞ ግማሽ አካሉን በየጊዜው ከኢንተርኔት ነው የሚጎትተው። ልጁ ያወረደውን ሁሉ ከነቁጥር እትሙ በፍላሽ አስቀምጧል፤ ምን አስቦ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አባትየው አሁን ይጽፋሉ። የሚልኩላቸው ዘመዶች ስልክ ላይ ግን አዲሶቹ ፊደላት ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ፤ የስልኮቹ ፎንት ገና አያውቃቸውም። ልጁ ከትናንት ጀምሮ በፎንቱ ላይ ነው።