ተነስቷል ሌላ፣ ይነሳል ሌላ

«ሲስተም የለም» ሲባል ሰው ሁሉ የሚቆጣው ከመስኮቱ ወዲያ በተቀመጠችው ልጅ ነው። እሷ ምን ታድርግ! ተጠያቂው እኔ ነኝ። እዚህ ድሬዳዋ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሊኑክስ ሰርቨር እጠብቃለሁ። «እጠብቃለሁ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ሥራዬ ከዘበኛችን ሥራ ብዙም አይለይም። እሳቸው በሩን፣ እኔ ፖርቱን።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። የድሬን የግንቦት ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል። የከዚራ ሰፈር እንኳ ከነዛፉ ጥላ ጭር ይላል። እኔም ሽርጤን ታጥቄ ቤቴ ተጋድሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ። ዘበኛችን ናቸው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንዲደውሉልኝ በየወሩ የስልክ ካርድ እሞላላቸዋለሁ።

«አቦ፣ መብራቱ ሄዶ መጣ። ልጆቹ ግን አልሠራልንም እያሉ ነው።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሄደው ጋሼ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ።»

ቢሮ ሄጄ ሎጉን፣ የሰርቨሩን የውሎ መዝገብ፣ ስከፍተው ሰርቨሩ 11 ሰዓት ይላል። ስልኬ ደግሞ 2 ሰዓት ብሎ ነበር። ሦስቱም አልዋሹም። ሰርቨሩን የተከለው ሰው በግሪንዊች ሰዓት ትቶት ሄዷል፣ ስልኬ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ ጋሼ በፀሐይ። በነገራችን ላይ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲሠራ ብዬ፣ ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስነሳው ክሮን ላይ «8» ጻፍኩ። ለካ ክሮን የገባው የግሪንዊቹን 8 ነው። ልክ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መስኮቱ በሰው ሲሞላ እሱም ባክአፑን ይጀምር ነበር። ሳምንት ሙሉ «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» ስባል ከርሜ ነው የነቃሁት። (ጳጉሜንማ ክሮን ጭራሽ አያውቃትም።)

ወደ ግንቦቱ ልመለስ። ሰርቨሩ በርቷል፤ ዳታቤዙ ግን ወድቋል። በእጄ ሳስነሳው ወዲያው ተነሳ። ልጆቹም ሥራቸውን ቀጠሉ፣ እኔም «ስታርት» ብዬ የአዳኝነት ስሜቴን ይዤ ተመለስኩ። በሳምንቱ መብራት ሄዶ መጣ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ሳምንትም እንደዚያው።

ሊኑክስ ላይ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች አሉ። «ስታርት» ስትለው አገልግሎቱ አሁን ይነሳል። «ኢኔብል» ስትለው ደግሞ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ማንም ሳይጠራው ይነሳል። አማርኛችን ይህን አጥርቶ ይለየዋል፤ «ተነስቷል» ሌላ፣ «ይነሳል» ሌላ። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ዘጠና በመቶ ስህተታቸው እዚህ ላይ ነው ብዬ እፎክር ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ዳታቤዜ ኢኔብል ተደርጓል። ይነሳል ተብሏል፤ ግን አልተነሳም።

አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ሎጉን መስመር በመስመር አነበብኩት። ዲስኩን በኤስኤስዲ ከቀየርን ወዲህ ሰርቨሩ መብራት በመጣ በ20 ሰከንድ ውስጥ ይነሳል። ኮምፒውተሮቹን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ስዊች ግን ሽማግሌ ነው። ትንንሾቹ መብራቶች አረንጓዴ እስኪሆኑ ከአንድ ደቂቃ በላይ ያንጎላጃል። ዳታቤዙን ለጥንቃቄ ብዬ በአንድ አይፒ አድራሻ ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ አዝዤው ነበር። ሲነሳ ያንን አድራሻ ይፈልጋል። ስዊቹ ስላልነቃ አድራሻው ገና የለም። ዳታቤዙ ይወድቃል።

ቢወድቅም መልሶ የሚያነሳው አለ፤ ሲስተምዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቅ ሲልና በ2015 ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲቀበለው ካጉረመረሙት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ግን ያለ እሱ መሥራት አልፈልግም። ይህ ሰው «ከወደቀ አንሳው» ተብሏልና ያነሳዋል፤ ግን የትዕግሥቱን ልክ ተመልከቱ። ሌላ ካልነገራችሁት በስተቀር ከመውደቅ እስከ ማንሳት የሚጠብቀው የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሎጉ ላይ አምስቱም ውድቀቶች ተደርድረዋል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ስዊቹ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ነገሩ ሁሉ አልቋል።

የሚያናድደው ግን ቀድሞ አስቤበት መሆኑ ነው። ከዓመታት በፊት በገዛ እጄ «ከኔትወርክ በኋላ ተነሳ» ብዬ ጽፌለት ነበር። የጻፍኩት ታርጌት (የመነሻ ምዕራፍ ምልክት ማለት ነው) ስሙ «ኔትወርክ» ስለሆነ አመንኩት። ትርጉሙ ግን ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ሥራ ጀምሯል ማለት ብቻ ነው፤ አድራሻ ይኑር አይኑር ግድ አይሰጠውም። አድራሻ እስኪገኝ የሚጠብቀው ሌላው ነው፣ «ኔትወርክ ኦንላይን» የሚባለው። ሰው በስም ይታለላል፤ እኔ በአንድ ቃል ጉድለት ሦስት ሳምንት ተታለልኩ።

ደግሞ የድሬ ልጅ ሆኖ በቅደም ተከተል መሸወድ ያሳፍራል። ይህች ከተማ ራሷ «ከመስመሩ በኋላ ተነሺ» የተባለች ናት። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም የማይቻል ሲሆን ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ አብራ በቀለች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር ያሏት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ቸኩሎ አምስቴ ወድቆ የተወው የለም፤ 15 ዓመት ወሰደ እንጂ ደረሰ።

«ኔትወርክ የለም» የሚለው ቃላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ለእኛ ኔትወርክ ማለት ኢንተርኔትም፣ የሞባይል ሲግናልም፣ ከቢሮው ጥግ እስከ ሰርቨሩ ክፍል የተዘረጋው ኬብልም ነው። ነሐሴ 23 ቀን 2014 ሳፋሪኮም አገልግሎቱን ከሁሉ አስቀድሞ እዚሁ ድሬ ላይ ሲሞክር፣ አንዲት ባልደረባዬ «እንግዲህ ሲስተም የለም ማለት ቀረ» ብላ ደስ አላት። ሰርቨራችን ያለው ከጠረጴዛዋ 15 ሜትር ርቀት ላይ ነው። የቴሌም የሳፋሪኮምም ጉዳይ አይደለም።

ርቀቱ 15 ሜትር ይሁን እንጂ ሩቁ ነገር ሾልኮ መግባቱ አይቀርም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላው አገር ተቋርጦ ሳምንታት ሲቆይ፣ የእኛ ሥራ የውስጥ ስለሆነ አልቆመም። ነገር ግን በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨሩ ልግባ ስል ግማሽ ደቂቃ ያህል ይገትረኛል። ሰርቨሩ የተበላሸ መሰለኝ። ለካ አሮጌው ኤስኤስኤች በሩን ያንኳኳሁትን እኔን ከማስገባቱ በፊት፣ አይፒዬ የማን እንደሆነ ውጭ ያለውን የስም መዝገብ፣ ዲኤንኤስን፣ ይጠይቃል። የሚመልስለት የለም። ጎረቤቱን ለማስገባት ውጭ አገር ደውሎ የሚጠይቅ ሰው አስቡ! በአንድ መስመር «ዲኤንኤስ አትጠይቅ» አልኩት፤ ተገላገልን። አዲሶቹ እትሞች ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ትተውታል።

በሌላ ጊዜ ደግሞ የማልፈልገው ሲነሳብኝ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ፕሪንተር የለም፤ የፕሪንተሩን አገልግሎት አጠፋሁት፣ «ዲሴብል»ም አደረግኩት። ቆይቼ ሳይ 631 ፖርት ላይ ተመልሶ ተቀምጧል። የቀትሩን የመጋላ ሱቅ አስታወሰኝ። መዝጊያው ገርበብ ብሏል፣ ባለቤቱ ከኋላ ጫቱን ይዞ ተቀምጧል። ተዘግቷል ትላለህ። አንኳኳ፣ «ማነው?» ብሎ ይወጣል። ሊኑክስም ላይ እንዲሁ ነው። አገልግሎቱ ይተኛል፣ ሶኬቱ በር ላይ ይቀመጣል፣ አንኳኪ ሲመጣ ይቀሰቅሰዋል። ባለቤቱን ብቻ ማስተኛት አይበቃም፤ በር ላይ የተቀመጠውንም ማሰናበት ነው። ጭራሽ ማንም እንዳይቀሰቅሰው ከተፈለገ «ማስክ» ይደረጋል።

ዳታቤዙን እሑድ ቀን ገብቼ አስተካከልኩት። ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከኔትወርክ ኦንላይን በኋላ እንዲነሳ፣ ቢወድቅም 10 ሰከንድ እየጠበቀ እንዲሞክር። በየ10 ሰከንዱ ከሞከረ በ10 ሰከንድ 5 ጊዜ የሚለው ገደብ አይነካውም፤ ስዊቹ እስኪነቃ ይታገላል። ከዚያ የመጀመሪያውን ለጊዜው አውጥቼ ሁለተኛው ብቻውን ይችል እንደሆነ ልፈትን አልኩ። ባክአፕ ያዝኩ፤ ዩፒኤሱ እንደሆነ ባትሪው በሙቀቱ ከሞተ ሰንብቷል። ጋሼን ቆጣሪው ጋ ሄደው እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው።

«አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው፣ አጥፉት።»

አጠፉት፤ መልሰውም አበሩት። አጠገቤ መጥተው በስክሪኑ ላይ አጎነበሱ። ወደቀ የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። «ኧረ ይሄ ነገር እየሞተብህ ነው» አሉኝ። አራተኛ፣ አምስተኛ። ከዚያ የስዊቹ መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ በስድስተኛው ሙከራ ዳታቤዙ ተነሳ።

«እና አሁን እኔ ሳልደውልልህ ራሱ ይነሳል ማለት ነው?»

«ይነሳል ጋሼ።»

ዝም ብለው ስክሪኑን አዩት።

«እንግዲህ ካርዱንስ?»