የእንግዳ ቢላዋ

አያቴ ሁለት ቢላዋ ነበራት። አንደኛው ሽንኩርቱንም ሥጋውንም የሚቆርጠው፣ እጀታው የተሰነጠቀ የየዕለት ቢላዋ ነው። ሁለተኛው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥኗ ግርጌ ይቀመጣል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን አውጥቼ ሸንኮራ ልልጥበት ስል እጄን ያዘችኝ። «ተይ ልጄ፣ እሱ የእንግዳ ነው» አለችኝ። የየትኛው እንግዳ እንደሆነ አልነገረችኝም። እናቴንም ስጠይቃት «የአያትሽ ነገር!» ብላ ታልፈዋለች። ቢላዋው ከአያቴ ለእናቴ፣ ከእናቴ ለእኔ ደረሰ። እንግዳው ግን ሳይታወቅ ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄ ልታገባው የፈለገችውን ወጣት ቤት ይዛ መጣች። ጨዋ፣ የተማረ፣ ሰው አክባሪ ነው። ሙስሊምም ነው። እኔ ደግሞ ጾሜን የማልሽር፣ በየወሩ ማርያምን የምዘክር ሴት ነኝ። ቡና አፍልቼ በደንብ አስተናገድኩት። ከወጣ በኋላ ግን ልጄን «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሰላምታ እንጂ ጨዋታ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን መካነ ሰላም የሚኖረው የእናቴ ታላቅ ወንድም መታመሙን ሰማሁ። ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል። ልጠይቀው ተነሣሁ፤ ቢላዋውንም ምናልባት እሱ ያውቀው ይሆናል ብዬ ከቦርሳዬ ጨመርኩት።

ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እንደ ዛሬው አሳሳቢ ባልነበረበት ጊዜ ነው የሄድኩት። አውቶቡሱ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ በአቀስታ በኩል ወደ ቦረና ይዘልቃል። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ፣ የባሕር ዛፍና በግ ነው። በአንዱ ጉብታ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ በሚቀጥለው የመስጊድ ሚናራ ይታያል። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት እናቶች፣ አንዷ ማተብ ያሰረች፣ አንዷ ሂጃብ የለበሰች፣ «መስኮቱን ዝጊው»፣ «ተይ ይከፈት» እየተባባሉ ነበር የሚጓዙት።

ይህ የንጉሥ ሚካኤል አገር ነው። እኚህ ሰው የወረሂመኖ ኢማም መሐመድ ዓሊ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ክርስትና አነሷቸውና ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። የቦሩ ሜዳው ግን በአዋጅ የመጣ ነበርና እምቢ ያሉ ብዙዎች ተሰደዱ፣ ተገደሉም። ተራው ገበሬ ከዚያ ቁስል በኋላም ልጅ እየሰጠ፣ ልጅ እየተቀበለ ኖሯል። አባቱ ገብሬ፣ ልጁ አህመድ የሆነ ሰው በወሎ ማንንም አያስገርምም።

አጎቴ ጋቢውን ተከናንቦ ምድጃ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ቢላዋውን ከጨርቁ ስፈታው ገና ከሩቅ አወቀው።

«የአያቴ ነው» አለኝ።

«የአያትህ? ክርስቲያን ገበሬ ነበሩ አይደል?»

«እሱ የአባቴ አባት ነው። ይሄ የእናቴ አባት ነው። ሙስሊም ነበር፣ ልጄ።»

አያቴ በሙስሊም ቤት ተወልዳ፣ አድጋ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ወድዳ ተጠመቀች። ወገኖቿ እንደሞተች ቆጥረው ለቅሶ ተቀመጡ። ሦስት ዓመት ማንም ደጇን አልረገጠም። የበኩር ልጇ፣ ይኸው አጎቴ፣ ሲወለድ ግን አባቷ በግ እየነዱ፣ ቢላዋ ይዘው መጡ። ከደጅ ቆመው «ልጄን ልጠይቅ መጥቻለሁ፤ እርዳችሁን ግን አልበላም» አሉ። አማቻቸውም «አይብሉ አባቴ። በግዎን እዚሁ ይረዱ፤ ያልተነካ ድስት አለን» አላቸው። ሲመለሱ ቢላዋውን ትተውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየመስቀሉና በየፋሲካው ይመጣሉ፤ የአያቴ ቤተሰብም ለአረፋ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ሲሞቱም ልጆቻቸው በዚያው ቢላዋ አረዱ። ከእነሱ በቀር ማንም አልነካውም።

«ታዲያ ለምን ደበቃችሁን?» አልኩት።

«እናትሽ ስትዳር የባሏ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ዘር ቆጠሩ። አያትሽ ለልጇ ትዳር ስትል ዝም አለች። ዝምታውም በዚያው ቀረ።»

አያቴ አዲስ አበባ እኛ ዘንድ ስትመጣ ቢላዋውን ይዛው መጣች፤ የሚያርድበት እንግዳ ግን አንድም ቀን አልመጣላትም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌላው ያረደውን አለመብላት የእስላምና የክርስቲያን ብቻ እንዳልሆነ አሰብኩ። እዚሁ ቅርብ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም፣ ከአባይ ማዶ ካለችው መርጡለ ማርያም ጋር፣ ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት የቀረበባት እንደነበረች ይነገራል። በጎንደር ገጠር የኖሩት ቤተ እስራኤልም የክርስቲያን እርድ አይበሉም ነበር፤ ከሌላው ሲነካኩ ታጥበው ስለሚገቡ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ይሏቸው ነበር። አብዛኞቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው። እዚያ ጋብቻ የሚፈጸመው በሃይማኖት ተቋማት ስለሆነ፣ አይሁዳዊና አይሁዳዊ ያልሆነ ሲፈላለጉ ብዙዎቹ እንደ ቆጵሮስ ወዳለ አገር ሄደው ተጋብተው ይመለሳሉ። በእኛ አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት መጋባትን ይፈቅዳል፤ ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ብሎ አይከለክልም። ልጄን የከለከላት ሕግ ሳይሆን የእኔ ፊት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የአያቴ ወንድም የልጅ ልጆች መምጣቴን ሰምተው በግ ይዘው መጡ። ከአጎቴ ጋር አንድ ቅሬ ናቸው፤ ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነው ያየኋቸው። ታላቅየው ቢላዋውን በድንጋይ ስሎ ጓሮ ወጣ፤ «ቢስሚላሂ» ሲል ሰማሁት። ለእኛም ሌላ በግ ታረደ፣ ሁለት ድስት ተጣደ። እኔ የማለቅስ መስሏቸው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል።

ከዚያው ሆኜ ለልጄ ደወልኩ። «በእኛ ዘር የለም ያልኩሽ ውሸት ነው» አልኳት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ፤ መጨረሻ ላይ «እማዬ፣ ቢላዋውን እንዳትጥይው» አለችኝ።

ሁሉም ነገር ተፈታ ብዬ አልዋሻችሁም። አያቴ ከአባቷ ተቆራርጣ የኖረችበት ሦስት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ሃይማኖቱን የሚለውጥ ሰው የሚከፍለው አለ። ልጆቹ የሚወለዱት ልጆች በየትኛው እምነት እንደሚያድጉ ገና አልተስማማንም። ከሁለቱም ወላጆች ጋር ቁጭ ብለን እየተነጋገርን ነው፤ እንደ እናቴ ዘመን በዝምታ እንዲያልፍ አልፈልግም።

ባለፈው ፋሲካ ሁለት በግ ገዛሁ። ወጣቱ ጓሮ ገብቶ በቅድመ አያቴ ቢላዋ የራሱን በግ አረደ። አጥቦ፣ አድርቆ በነጩ ጨርቅ ጠቀለለውና «የት ላስቀምጠው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሣጥኑን አሳየሁት።