የድሮ ወዳጅ

ከሦስት ዓመት ወዲህ፣ በምኖርበት የሰሜን አውሮፓ ከተማ፣ በሳምንት አንድ ማታ ጥንታዊውን የቻይና የጽሕፈት ቋንቋ እማራለሁ። «ምን ይረባሃል?» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው፤ እንጀራ እንደማይሆነኝ እኔም አላጣሁትም። ነገር ግን ግእዝ ሲቀደስበት፣ ቅኔ ሲዘረፍበት እየሰማ ላደገ ሰው፣ ከገበያ ወሬ ርቆ በመጻሕፍት ውስጥ የሚኖር ቋንቋ ባዕድ አይሆንበትም። የቻይና ሊቃውንት ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሲጽፉበት ኖረው፣ በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ቦታውን ከሕዝቡ ንግግር ለተቀዳ ጽሕፈት ለቋል።

በዚህ ቋንቋ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ፊደል አንድ ቃል ነው፤ የአንዱ ቃል ፍች ግን ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ «ጉ» የሚባለው ነው። የፊደሉ ግራ ጎን «ጥንታዊ» ማለት ሲሆን፣ ቀኙ በትር የጨበጠ እጅ ነው። ሹ ሼን የተባለው ሊቅ በ100 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባጠናቀቀው መዝገበ ቃላት፣ አንድ ነገር እንዲደረግ ከማድረግ ጋር አያይዞ ፈትቶታል። «ጉ» የቀድሞ ማለት ነው፤ ምክንያት ማለት ነው፤ ሰበብም ማለት ነው፤ «ስለዚህ» ማለት ነው፤ ሆን ብሎ ማለት ነው፤ መከራ ማለት ነው፤ መሞትም ማለት ነው። ከቤተ መንግሥት ጋር ሲጣመር ከ1925 ጀምሮ ሙዚየም የሆነው የፔኪንግ ቤተ መንግሥት ስም ይሆናል። ከመንደር ጋር ሲጣመር የትውልድ ቀዬ ነው፤ ሉ ሹን በ1921 ላሳተመው አጭር ልብ ወለድ ርእስ ያደረገው ይህንኑ ነው። «ሰው» ከሚለው ጋር ሲጣመር ግን የድሮ ወዳጅ ይሆናል፤ ወይም ሟች።

አንድ ማታ ስለ ድሮ ወዳጅ አጭር ዐረፍተ ነገር እንድንጽፍ ታዘዝን። ጽፌ ሰጠሁ። መምህሬ፣ ሽማግሌ ቻይናዊ ናቸው፣ ወረቀቱን አይተው፣ «ይህ ወዳጅህ በሕይወት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እርሳቸው የጠየቁት ፍቹን ለመለየት ነው። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ስድስት ኪሎ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ከአገር የወጣሁ ሌሊት እርሱ ተኝቶ ነበር፤ አልቀሰቀስሁትም። «ባያውቅ ይሻለዋል፤ ቢጠይቁት የሚናገረው አይኖረውም» እያልሁ ሃያ ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖርሁ። በአማርኛችን ምክንያት ለብቻው፣ ሰበብ ለብቻው ስለሆኑ፣ አንዱን በሌላው ስም እየጠራሁ መኖር ቀሎኝ ነበር። ሁለቱን በአንድ ገላ የያዘው ፊደል ግን የትኛው እንደሆነ እኔኑ መልሶ ጠየቀኝ።

በማግሥቱ ዘመድ አፈላልጌ የእኅቱን ስልክ አገኘሁና ደወልሁ። ስሜን ስነግራት ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያም ስልኩን ለሰው ስትሰጥ ሰማሁ።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድህ?» አለኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ለሃያ ዓመት ያሰናዳሁት መልስ አፌ ላይ ነበር።

«ፈርቼ ነው» አልሁት። «አንተንም ጭምር ፈርቼህ ነው።»

«ይህችን ለማለት ይኸን ያህል ዘመን?» አለና ሳል ያዘው፤ ወይም ሳቅ ይሁን አልለየሁትም።

በሳምንቱ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ዳግም ጽፌ ለመምህሬ ሰጠሁ። ጣታቸውን ፊደሉ ላይ አሳርፈው ቀና ብለው አዩኝ።

«አለ» አልኋቸው።